ለሲምፖዚየም 15 ደቂቃ ተሰጥቶኛል፤ የተሳሳተውን ካርታዬን ላሳይ ወይስ ልተወው?

የጉማራ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የመጣሁት።

የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ግንቦት ላይ የሳይንስ ሲምፖዚየም ያዘጋጃል። የዘንድሮው ርዕስ «ሳይንሳዊ ሞዴሊንግ በተለያዩ የትምህርት ዘርፎች» ነው። ዲኑ ቢሮ አስጠሩኝና «አንቺ የሞዴል ሰው ነሽ፤ የተፈጥሮ ሀብትን ወክለሽ ታቀርቢያለሽ» አሉኝ። 15 ደቂቃ ገለጻ፣ 5 ደቂቃ ጥያቄ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ ባለፈው ሐሙስ የሙከራ ገለጻ ያደረግን ቀን ነው።

ሥራዬን ላስረዳ። ከጣና በስተምሥራቅ፣ ውሃው ወደ ጉማራ ወንዝ የሚወርድ አንድ ትንሽ ተፋሰስ አለ። ለማስተርሴ የአፈሩን መሸርሸር አስልቼ በካርታ ሠራሁት። የተጠቀምኩት በየመመረቂያ ጽሑፉ የማይጠፋውን የአፈር ብክነት ቀመር ነው። ስድስት ቁጥር ይባዛል፦ ዝናቡ፣ አፈሩ፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ ቁልቁለቱ፣ ሽፋኑ፣ የጥበቃ ሥራው። የሚወጣው ከአንድ ሄክታር በዓመት ስንት ቶን አፈር እንደሚታጠብ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ካርታውን ቀለም ይቀባል። ቀይ ማለት ክፉኛ የሚሸረሸር፣ አረንጓዴ ማለት ደህና። ያማረ ካርታ ነው። እናቴ ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቅላዋለች።

ሐሙስ ዕለት አሥር የማንሞላ ሰዎች ነበርን። ገና ሁለተኛው ስላይድ ላይ የኬሚስትሪው ልጅ «ሞዴል ስትዪ የቱን ነው? እኛ ጋ ሞዴል በእጅ የሚያዝ ኳስና ዘንግ ነው» አለኝ። የባዮሎጂዋ መምህርት ተቀበለችው፤ ለእሷ ሞዴል ማለት ላቦራቶሪ ውስጥ ያለችው ዝንብና አይጥ ናት። የሒሳቡ ሰው ፈገግ ብሎ «ይሄ እኮ ማባዛት ነው፤ ሞዴሉ የታለ?» አለ። ኢኮኖሚስቱ ደግሞ «ገበሬው ራሱ የት ገባ?» አለ። እስከዚህ ችዬው ነበር። መጨረሻ ላይ የስታትስቲክሱ መምህር እጁን ሳያወጣ እንደተቀመጠ፦

«ትክክል መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ውጤቱ በአካባቢው ከተሠሩ ሌሎች ጥናቶች ጋር ይቀራረባል» አልኩ።

«እነሱስ በምን ሠሩት?»

«በዚሁ ቀመር።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የነሳኝ ደግሞ የእሱ ጥያቄ ብቻ አይደለም። መስክ በነበርኩ ጊዜ ካርታውን በኤ3 ወረቀት አትሜ ለአንድ አባወራ አሳይቻቸው ነበር። ቤታቸው ዳገቱ ወገብ ላይ ነው፤ ማሳቸው ግን ታች ሜዳው ላይ፣ ዋልካው መሬት ነው። ወረቀቱን አዙረው አዙረው አዩት። ወንዙን አገኙት። ቤተ ክርስቲያኑን አገኙት። ከዚያ ጣታቸውን አረንጓዴው ላይ አሳርፈው «ይኼ ምንድነው የሚለው?» አሉኝ። «ደህና ነው፣ ብዙ አይሸረሸርም ማለት ነው» አልኳቸው። ምንም ሳይናገሩ ይዘውኝ ወረዱ። ማሳቸው ዳር ቦረቦር አለ። ጠርዙ ላይ ቆሜ ሳየው ጥልቀቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ዓምና ያጠሩት አጥር ግማሹ መሬት ላይ ነው፣ ግማሹ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። «ደህናው እንግዲህ ይሄ ነው» አሉኝ።

ለማያውቅ ሰው፦ ቀመሩ ቦረቦርን አይቆጥርም። የተሠራው ከማሳ ላይ በስሱ ለሚታጠብና በትናንሽ ቦዮች ለሚወርድ አፈር ነው። ይህን አውቅ ነበር። መመረቂያ ጽሑፌ ላይም «ውስንነቶች» በሚለው ስር ሁለት መስመር ጽፌበታለሁ። ያነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ፈታኞቼን ጨምሮ።

እና ጥያቄዬ፦ ከኬሚስት እስከ ኢኮኖሚስት ለተቀመጠበት አዳራሽ በምን ልጀምር? የቦረቦሩንስ ነገር ላንሳው ወይስ ልተወው? የቀድሞ አማካሪዬ «ራስሽን አታጋልጪ» ብለውኛል።


ቡና ሁለተኛ፦

እህቴ፣ ለ15 ደቂቃ ይህን ያህል አትጨነቂ። የተቀመጥኩበትን ሲምፖዚየም ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሰው የሚያስታውሰው ሳምቡሳው ደርሶት እንደሆነ ነው። የመክፈቻ ንግግሩ ብቻ 40 ደቂቃ ይወስድና ያንቺ 15 ወደ 7 ይወርዳል። የ7 ደቂቃ አዘጋጂ። ካርታውን አሳዪ፣ አመሰግናለሁ በይ፣ ውረጂ።


ወባና ሒሳብ፦

ቡና ሁለተኛ ስለ 7 ደቂቃው ልክ ነው። በቀረው አልስማማም።

የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ወባ ላይ ነው የምሠራው። ለኬሚስቱም ለሒሳቡም ሰው የሚሆን መግቢያ እኛ ጋ አለ። ሮናልድ ሮስ የወባን ተሕዋስ ትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ ውስጥ ነው። በ1902 ኖቤል ተሸለመ። አብዛኛው ሰው ታሪኩን እዚህ ጋ ይዘጋዋል። ሰውዬው ግን ከዚያ በኋላ ወደ ሒሳብ ዞረ። ምክንያቱም «ትንኝን ሁሉ መጨረስ ስለማይቻል ልፋቱ ከንቱ ነው» የሚሉ ብዙ ነበሩ። እሱ ነገሩን በቀመር አስቀምጦ፣ ሁሉንም መጨረስ አያስፈልግም አለ። ቁጥራቸው ከአንድ ልክ በታች ከወረደ በሽታው ራሱ እየከሰመ ይሄዳል። ያ ልክ በማይክሮስኮፕ አይታይም። ወረቀት ላይ ካልሆነ የትም አይገኝም። ለእኔ ሞዴል ማለት ይሄ ነው።

በ1950ዎቹ ጆርጅ ማክዶናልድ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ቀጠለበት። ተሕዋሱ ትንኟ ውስጥ እስኪበስል እንደ ሙቀቱ 10 ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ከሞተች ማንንም አታስይዝም። እንግዲህ አስዪው። በየቀኑ ከ10 ትንኝ 9ኙ በሕይወት ካደሩ፣ ከ10 ቀን በኋላ ከ100ው 35 ያህል ይተርፋሉ። 7ቱ ብቻ ካደሩ ግን የሚተርፉት 3 ገደማ ናቸው። ኩሬ አድርቀሽ የትንኙን ቁጥር በግማሽ ብትቀንሺ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል። ግድግዳ ረጭተሽ ዕድሜዋን ብታሳጥሪ ግን እንዳልነበረ ይሆናል። ቤት መርጨትን የደገፈው ይህ ስሌት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ብትጽፊው የሒሳቡ ሰው «ማባዛት ነው» ይልሻል። አዎ፣ ማባዛት ነው!

አሁን ወደ ቦረቦርሽ። እኛ ጋ «ከ2000 ሜትር በላይ ወባ የለም» የሚባል ልማድ አለ። በጥቅሉ እውነት ነው፤ ብርድ ተሕዋሱን ያዘገየዋል። ግን እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ እስከ 2150 ሜትር ድረስ ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150 ሺህ ገደማ ሞተ ተብሎ ይገመታል። ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። የእኛ ስሌት የተሠራው ዝናብ ባቆረው ውሃ ለምትራባው ትንኝ ነበር። ስለዚህ በበጋ፣ ከተማ ውስጥ፣ ብዙም አንሰጋም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ስቴፈንሳይ የምትባል የእስያ ትንኝ ተገኘች። እሷ የምትራባው በርሜልና የውሃ ታንከር ውስጥ ነው። በ2022 ድሬዳዋ በደረቁ ወቅት ወባ ተነሳባት። የድሮው ስሌት አልዋሸም፤ የሚያወራው ስለ ሌላ ትንኝ ነበር።

አንሺው። አዳራሹ ውስጥ የእኔ ቢጤ ካለ ሌላውን ሁሉ ረስቶ ያንን ይዞ ይወጣል።


ጉልት ኢኮኖሚስት፦

«ገበሬው የት ገባ?» ያለሽን ሰው ስለ ሙያችን ይቅርታ እጠይቅልሻለሁ። እኛ ራሳችን እኮ ሰውን በውሃ ተክተን እናውቃለን።

ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 ቢል ፊሊፕስ የሚባል የኒው ዚላንድ ሰው፣ መጀመሪያ ኢንጂነር የነበረ፣ የእንግሊዝን ኢኮኖሚ ከሰው ቁመት በሚበልጥ ማሽን ሠርቶ ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ላይ አሳየ። የሚታይ ታንክ፣ ቱቦ፣ ፓምፕ፣ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ። ውሃው ገንዘብ ነው። ከላይ ገቢ ሆኖ ይወርዳል፤ በአንዱ ቱቦ ግብር ይቀነሳል፣ በሌላው ቁጠባ፣ በሌላው ከውጭ የሚገዛ ዕቃ። የግብሩን በር ስትከፍቺ የፍጆታው ታንክ ሲጎድል በዓይንሽ ታያለሽ። ካምብሪጅ ያለው እስካሁን ይሠራል። እና ለኢኮኖሚስቱ «የእናንተንም ሞዴል የሠራው የቧንቧ ሙያ ነው» ማለት ትችያለሽ።

የሚጎድለውን ግን እኔ ልንገርሽ፤ ውሃ ወሬ አይሰማም። «ስኳር ሊጠፋ ነው» ከተባለ እኛ ሰፈር ሱቁ በግማሽ ቀን ባዶ ይሆናል። ስኳሩ ገና ሳይጠፋ! የትኛው ቱቦ ነው ይህን የሚያሳየው?


የጉማራ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የትንኟን ስሌት በካልኩሌተር ሞከርኩት፤ እውነትም 35 እና 3 ነው። ቡና ሁለተኛ፣ የሳምቡሳውን ነገር ጸሐፊዋን ጠይቄልሃለሁ። ኩኪስ ነው አለችኝ።

አንድ ነገር ግን አሁንም ከበደኝ። ሮስ ስለ ትንኝ ያውቅ ነበር። እኔ የተጠቀምኳቸውን ቁጥሮች ግን ከሰንጠረዥ ነው የገለበጥኳቸው። ለጤፍ ሽፋን 0.25 ብዬ አስገባሁ። ለምን 0.25 እንደሆነ ቢጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም።


ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፦

ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። የዕድሜዬን እኩሌታ አፈር ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚህ መድረክ ያስገባኝ የልጅ ልጄ ነው። ፊደል ብገድፍ እሱን ውቀሱ።

ቀመርሽ የተወለደው አሜሪካ ነው። ዊሽማየርና ስሚዝ የሚባሉ ሰዎች ናቸው ከብዙ የሙከራ ማሳ ያወጡት። ለመነሻ የተያዘው ማሳ ርዝመቱ 22 ሜትር ገደማ፣ ቁልቁለቱ 9 በመቶ ነው። አንቺ አገር ሰው በሬ የሚያዞርበትን ዳገት አስቢ። 30 በመቶ፣ 40 በመቶ ላይ ይታረሳል። ከዚያ ከተወለደበት እዚህ ድረስ ቁጥሩ በግምት ተዘርግቶ ነው የመጣው።

ሆኖም እንዲሁ አልተገለበጠም። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ተከፍተው ነበር። ወሎ ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ፣ ሌሎችም። እኔ ከአንዱ ነበርኩ። ዝናብ ባደረ ጠዋት ወጥተን ከማሳው ግርጌ ያለውን ገንዳ እናያለን። የተጠራቀመውን ውሃ ልክ እንይዛለን። በእንጨት አማስለን በጠርሙስ እንቀዳለን። ጭቃው ደርቆ ይመዘናል። ሐምሌ ላይ ይህን በየቀኑ አድርጊው እስኪ፤ ቦት ጫማዬ ደርቆ አያውቅም ነበር። ሃንስ ሁርኒ የሚባለው የስዊስ ሰው ነው በ1985 ቀመሩን ለኢትዮጵያ ያስተካከለው።

ጤፍን 0.25፣ ሌላውን አገዳ የሌለው እህልና ጥራጥሬ 0.15፣ ማሽላና በቆሎን 0.10 ያለው ያ ማስተካከያ ነው። ለምን ጤፍ በለጠ? አንቺም ታውቂዋለሽ። የጤፍ መሬት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፣ ይለሰልሳል፣ አንዳንዱም በከብት ይረገጣል። ዘሩ የሚወድቀው ሐምሌ ነው። ዝናቡ በሚብስበት ሰዓት መሬቱ እንደ ተላጨ ራስ ነው። ይህን ለአዳራሹ ንገሪ፤ ቁጥር የሚጠላውም ይገባዋል።

አፈሩን ደግሞ በቀለሙ ነው የመደበው። ጥቁር 0.15፣ ቡናማ 0.20፣ ቀይ 0.25፣ ቢጫ 0.30። አሁን የዚያን ሰውዬ ማሳ አስዪው። ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ ስለዚህ ትንሹን ቁጥር ያገኛል። ሜዳ ነው፤ የቁልቁለቱም ቁጥር ትንሽ ነው። ትንሽ በትንሽ ተባዝቶ ምን ይወጣል? አረንጓዴ። ካርታሽ ስሌቱን አልሳተም።

ታች ያለውን ዋልካ የሚበላው ሌላ ነው። ሰኔ ላይ መሬቱ ተሰንጥቋል፣ የመጣለትን ሁሉ ይጠጣል። ነሐሴ ላይ ጠግቧል። ያን ጊዜ ውሃው ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከሥርም ይነሳል። ከቦረቦሩ ጠርዝ አጠገብ በዶማ ብትቆፍሪ ክንድ ሳትደርሺ ውሃ ያቆራል። ግድግዳው ከሥር ይረሰርስና በቁሙ ይናዳል። ሰዎቹን ብትጠይቂያቸው ነግረውሽ ነበር።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የወንዝ ሞዴል የሠሩም እዚያ መኖራቸው አይቀርም። የሚያወዳድሩት ወንዝ ውስጥ ከቆመው ቁጥር ከተጻፈበት ዘንግ ጋር ነው። ያን ዘንግ የሚያነብ የሰፈር ሰው አለ። ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ ይመዘግባል። ጎርፉ ከሌሊቱ 5 ሰዓት መጥቶ 8 ሰዓት ላይ ካለፈ ሰውዬው ተኝቷል። ጠዋት የሚጽፈው የተረፈውን ነው። በወር ደምረው ሲያዩት ያምራል፣ በቀን ሲያዩት የሚበላሸው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስለዚህ «በምን አወቅሽ?» ሲሉሽ አትደንግጪ። ቁጥሩን ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደለካው ንገሪያቸው።


የቆሎ ተማሪ የነበርኩ፦

አባታችን ከተናገሩ በኋላ መናገር ድፍረት ነው። ቢሆንም ስለ «ትክክል ነው ወይ» አንድ ልበል።

ልጅ ሆኜ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለት የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ተምሬያለሁ። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ዓምና በዐቢይ ጾም ስሌቱን በኮድ ጻፍኩት። አንድ ገጽ አልሞላም። ሞዴል ማለት ይህ ካልሆነ ምን ይሆናል? ሰማይ ሳናይ ጨረቃን እናስኬዳለን።

የ2018 ዓ.ም.ን ትንሣኤ እንሥራ። 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ለዘመን ይቀነስና ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴው 12፤ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30፤ ካልሆነ ተሳስተሻል። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለት ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 7፤ ሲደመር 25። የነነዌ ጾም ጥር 25፣ ሰኞ። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥሪ ትንሣኤ ሚያዝያ 4። የኔታ ይህን በጣታቸው አንጓ ነበር የሚቆጥሩት፤ እኔ ኮዱን አርሜ እስክጨርስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ስታትስቲክሱ መምህር። ስሌቱ የቆመው 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ነው በሚል ነው። እኩል ለመሆን ምንም አይቀረውም፤ ልዩነቱ በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ግን ስንት 19 ዓመት አለፈ? ዛሬ የስሌቱ ጨረቃ ከሰማዩ ጨረቃ አራት አምስት ቀን ያህል ወደ ኋላ ቀርታለች። በሰማይ ጨረቃ ብንመዝነው ሞዴሉ ወድቋል። ነገር ግን የተሠራው አክሱም ያለውም፣ ላሊበላ ያለውም፣ እዚህ ሜሪላንድ ያለነውም በአንድ ቀን እንድንፈስክ ነው። በዚያ ከተመዘነ አንድም ዓመት አልሳተም።

ያንቺ ቀመር የተሠራው የትኛው ዳገት ላይ እርከን ይቅደም ለማለት ከሆነ ምናልባት አልወደቀም። ለሰውዬው «ማሳህ ደህና ነው» ለማለት ከሆነ ወድቋል። እኔ ብሆን ሁለቱን ለይቼ ነበር የማቀርበው።


የጉማራ ልጅ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። 

ቡና ሁለተኛ፣ 15ቱ ደቂቃ 9 ሆነ። ኩኪሱም ከእኛ ረድፍ ሳይደርስ አለቀ።

ስላይድ ቀነስኩ። በምትኩ ከተፋሰሱ በሦስት ፌስታል አፈር ይዤ ሄድኩ፤ ቀይ፣ ቡናማ፣ ጥቁር። መድረኩ ላይ በወረቀት ዘረገፍኳቸው። የጠረጴዛ ልብሱ ነጭ ነበር፤ የአዳራሹ ኃላፊ እስካሁን አኩርፋኛለች። «ለኮምፒውተሩ ይህ 0.25 ነው፣ ይህ 0.20 ነው፣ ይህ 0.15 ነው» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ስለ ጠርሙሱና ስለ ቦት ጫማው ነገርኳቸው። ጋሼ፣ የእርስዎ ቦት ጫማ መሆኑን አልተናገርኩም፤ «አንድ ትልቅ ሰው» ነው ያልኩት። የኬሚስትሪው ልጅ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ገለጻው ሳያልቅ ተነስቶ ጥቁሩን ቆንጠር አደረገ፣ ከሃይላንዱ ውሃ ጠብ አድርጎ በጣቱ አድበለበለው። እንደ ሊጥ ሲሳብ አየና ለጎረቤቱ አሳየው። ያ ጭቃ ሦስት ረድፍ ዞረ።

ካርታውንና የቦረቦሩን ፎቶ ጎን ለጎን አደረግኳቸው። አጥሩ ተንጠልጥሎ የሚታይበትን። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

የስታትስቲክሱ መምህር እንደፈራሁት ጠየቀ። ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ድምፅ። «ላይኛው ዳገት ላይ ትክክል መሆኑን አልለካሁም። ታችኛው ሜዳ ላይ ግን እንደማይሠራ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለምን እንደማይሠራም አውቃለሁ» አልኩት። አልሳቀም። ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ምን እንደሆነ እስካሁን ይከነክነኛል። የቀድሞ አማካሪዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። ከሻይ በፊት ወጡ። አላናገሩኝም።

የትንኟን ስሌት የተናገርኩት በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው፤ ቸኩዬ 35ቱን 53 አልኩት። ከሒሳብ ክፍል አንዱ ከኋላ «ሠላሳ አምስት!» ብሎ ጮኸ። እሱ ራሱ «ማባዛት ነው» ያለኝ ሰውዬ ነው። ሻይ ላይ መጣና «ቦረቦሩ በዓመት ስንት ሜትር ይሄዳል?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ማን ለካው?» ማንም። «ታዲያ ለምን አንለካውም?» ሞተር ሳይክል አለው። ሰኔ ሳይገባ ቅዳሜ እንሄዳለን። አባወራውን ደውዬ አግኝቻቸዋለሁ። «ካርታውን ይዘሽ እንዳትመጪ» ብለው ሳቁብኝ።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የመለኪያውን ካስማ ከጠርዙ በስንት ሜትር ርቀት ልትከለው? እንጨት ይሁን ብረት?


ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፦

ጎሽ ልጄ።

ከጠርዙ ከ3 ሜትር አታንሺ፤ ከቻልሽ 5 አድርጊው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ አይታመንም። ሁለት ረድፍ ትከዪ፤ አንዱ ቢናድ ሌላው ይቀርልሻል። ለየካስማው ቁጥር በቀለም ጻፊ፣ ፎቶም አንሺው። እንጨት አትትከዪ፣ ለማገዶ ይነቀላል። ፌሮ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ሻጭ አያጣም፣ ስለዚህ እስከ አናቱ ምቺው። መሬት ውስጥ ግማሽ ሜትር ካልገባ ክረምቱን አይችልም።

የምትለኪው ከካስማው እስከ ጠርዙ ነው። በቅዳሜ ብቻ አይሆንም፤ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት መለካት አለበት፣ ያን ቀን ደግሞ አንቺ ክፍል ውስጥ ነሽ። ለሰውዬው አንድ የሜትር ገመድና ደብተር ተዪላቸው። እስክሪብቶ ሁለት።